ዘጠና ስህተት፣ ከስንት?

ታኅሣሥ 4

እህቴ፣

የጠየቅሽውን አስቀድሜ ልመልስ። ጉልበቴ ተሽሎታል። ቢሮዬ ግን አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሱን ያወረደልኝ የለም። «አትሳቅብኝ» ያልሽው ግን አስቆጥቶኛል። በአርባ አራት ዓመቱ ስታቲስቲክስ ልማር የሚል ሰው አያስቀኝም። የሚያስቀኝ በሃያ ዓመቱ ተመዝግቦ የማይማረው ነበር፤ እሱንም መሳቅ ትቼ መናደድ ከጀመርኩ ቆየሁ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችሁ «እኔ በወሬ አልፈርድም፣ በቁጥር ነው የምፈርደው» ማለቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቁጥር የሚፈርድ ሰው ቁጥር ማንበብ ከቻለ ሠራተኛው ተባርኳል። ካልቻለ ወሬኛው ይሻል ነበር፤ ወሬኛን ሰው ይጠራጠረዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ የፈተሽሽበት ጠረጴዛ እንዲህ ባለ ሰው እጅ ከገባ፣ እሱ የሚያነበውን አንቺም ማንበብ አለብሽ።

ስለዚህ ስድስት ዓመት የፈጀብኝን የመልመጃ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ልኬልሻለሁ። ውለታ አይደለም፤ አንቺ ያልገባሽ ጥያቄ ተማሪዎቼም አይገባቸውምና እፈትንብሻለሁ። አንድ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ይሠራል። የሳትሽውን አትፍቂ፣ ሰርዢው። መልሶችሽንም ከአንድ ጀምረሽ ሳታቋርጪ ቁጥር ስጪያቸው፤ መጽሐፉ እስኪያልቅ ቁጥሩ ይቀጥል። መጥፋት የሚችል ነገር ሁሉ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ጋሼ ከስንት፣

በዚህ ስም ስጠራህ ግንባርህ እንደሚኮማተር ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ምን ላድርግ? እማዬ «ሦስት ብርጭቆ ሰበርክብኝ» ስትልህ «ካጠብኩት ከስንቱ?» ብለህ ኩርኩም የቀመስከው አንተ ነህ። ስሙን ያወጣንልህ እኛ ብንሆንም ያመጣኸው ራስህ ነህ።

እኔ ደህና ነኝ። ስለ ዓይኔም አትስጋ፣ መነጽር አልፈለግሁም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መልስልኝ። «በከረጢት ውስጥ አምስት ቀይና ሦስት ጥቁር ብይ አለ፤ ሳያዩ አንድ ቢያወጡ» ትላለህ። ለመሆኑ ማነው ብዩን ከረጢት የከተተው? ሳያይስ ለምን ያወጣል? ዓይን የለውም? አርባ ጥያቄ ሙሉ ሰዎችህ ከረጢት ውስጥ እጃቸውን ከተው ቆመዋል። እኔ በሕይወቴ ሳላይ ያወጣሁት ነገር የለም፤ ሥራዬ ማየት ነው።

ሥራዬንም እንድታውቀው በደንብ ልግለጽልህ። ሦስት ተቆጣጣሪዎች ነን። ሸሚዝ ሃያ ሃያ እየሆነ ታስሮ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ እስር ላይ ለሁለት የሚቀደድ ካርድ አለ። ያየነውን ሸሚዝ ኮሌታው ውስጥ በየቁጥራችን ማህተም እንመታዋለን። በካርዱ ሁለት ግማሾች ላይ ቁጥራችንንና ቀኑን ጽፈን እንቀድደዋለን። ግማሹ ከሸሚዙ ጋር ይሄዳል፣ ግማሹን በየጠረጴዛችን ባለው ሚስማር ላይ እንሰካዋለን። ዓርብ ዓርብ የጽዳቷ እትዬ ሚስማሮቹን ታራግፋለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

የምታስተምረውን ክፍል ለሌላ መምህር ሰጡት መባሉን ሰማሁ፤ ለምን? ከ1 እስከ 57 ያሉትን መልሶች ልኬአለሁ። ስለ ወረቀቱ ይቅርታ፤ ግራጫ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን በነጻ ነው።

ታናሽህ


ጥር 2

እህቴ፣

ወረቀት መግዛት አቅቶሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እልካለሁ። እነዚህ መዳፍ የማያክሉ ቁርጥራጮች ጠረጴዛዬን የገበያ ማግስት አስመስለውታል። በጀርባቸው የሆነ ነገር ተጭሯል፤ ደግነቱ እኔ የማርመው ፊታቸውን ብቻ ነው።

የብዩን ነገር ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ መልሱን ግን ለማንም ለስላሳ አድርጌ አልነግርም። ሳያይ የሚያወጣው ሰው ሞኝ አይደለም። የሚያይ እጅ ይመርጣል፤ የሚመርጥ እጅ ይዋሻል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘርግፎ መቁጠር የማይችል ሰው፣ ያለው ብቸኛ ታማኝ ነገር የማያይ እጁ ነው። ይህን ምዕራፍ ሰባት ላይ ትደርሺበታለሽ፤ ስለ ናሙና ነው። እስከዚያ ከብዩ ጋር ታገሺ።

መልሶችሽን አርሜአለሁ። የተሳሳቱትን በአንድ ሣጥን አስቀምጣቸዋለሁ፤ «የተለመዱ ስህተቶች» የሚል ክፍል በመጽሐፉ መጨረሻ ስለሚኖር ይጠቅሙኛል። ትክክሎቹን እጥላቸዋለሁ። ትክክል መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያስተምረኝ የለም። ስህተት ግን እንደየሰዉ ነው። ያንቺ ልዩ ችግር «ወይም»ን በመደመር ጀምረሽ፣ መባዛት ያለበትን «እና»ንም መደመርሽ ነው። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ሁለቱም ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል አንድ ሙሉ ነው ብለሻል። እንዲህ ከሆነማ በሌላው ፊቱ ጎፈር ለምን ተቀረጸ?

ሌላ የጠየቅሽውን አልፌዋለሁ። ክፍሌን ለምን ለሌላ መምህር እንደሰጡት ሲገባኝ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 8

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ብዙ ሳልጽፍ ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ፣ ሥራ በዛብኝ። እስከ 412 ድረስ ያሉትን ባለፈው ልኬልሃለሁ፤ መድረሳቸውን አልነገርከኝም።

ዛሬ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ራሴ ያወጣሁት ነው፤ ከወደድከው መጽሐፍህ ውስጥ አስገባው። «አንድ የጠርሙስ ፋብሪካ ሦስት ተቆጣጣሪዎች አሉት። ከደንበኞች ስልሳ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ተመለሰ። ከስልሳው አሥራ አምስቱ የአንደኛዋ፣ ሠላሳ ሦስቱ የሁለተኛዋ፣ አሥራ ሁለቱ የሦስተኛዋ ማህተም አለባቸው። ከሦስቱ ሥራዋን የማታውቀው የትኛዋ ናት?»

እንዲሁ ለመልመጃ ያህል ነው። ጤናህን ጠብቅ።

ታናሽህ


የካቲት 16

እህቴ፣

ጥያቄሽ መልስ የለውም። አስቸጋሪ ስለሆነ እንዳይመስልሽ፤ ጎዶሎ ስለሆነ ነው። ሠላሳ ሦስት ጠርሙስ ከስንት? ሁለተኛዋ ሠላሳ አራት ጠርሙስ አይታ ሠላሳ ሦስቱ ተሰንጥቀው ከሆነ ዛሬውኑ ትባረር። ሠላሳ ሺህ አይታ ከሆነ ግን የሚባረረው ጥያቄውን ያወጣው ሰው ነው። ከላይ ያለውን ቁጥር ጽፎ ከታች ያለውን የሚደብቅ ሰው ምን እንደምለው ታውቂያለሽ፤ እማዬ ስለሰማች ነው ኩርኩም የቀመስኩት።

412ቱም ደርሰውኛል። አርሜ ጨርሻለሁ። የስህተት ሣጥንሽ ዘጠና ወረቀት ይዟል። ዘጠና! እልከኛ ነሽ እንጂ ለዚህ ትምህርት የተፈጠርሽ አይመስለኝም፤ እውነቱን መናገር ልማዴ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የጠርሙስ ፋብሪካ ደጃፍ ረግጠሽ አታውቂም። የፍተሻ ክፍላችሁ ግን ሦስት ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ ማህተምም አላቸው። ያንቺ ቁጥር ስንት ነው?

ወንድምሽ


የካቲት 25

ጋሼ፣

ሁለት ነኝ።

እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ጠርሙስ ያልኩህ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የሠራነው ሸሚዝ ደንበኛው ዘንድ ደርሶ ተመላሹ መጥቷል፤ ስልሳ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን በትልቁ አጽፎ ከሰዓቱ ሥር ለጠፈው። ሰዓት ያየ ሁሉ እኔን ያያል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ምክንያቴን ካላስረዳሁ ጠረጴዛዬን ለቅቄ ወደ ማሸጊያ ክፍል እወርዳለሁ። የደረጃው ነገር አይደለም ጋሼ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ስፌት ሲጎድል የሚያውቅ ጣት ያለኝ መስሎኝ ኖሬ፣ አሁን ቤቴ ገብቼ የገዛ ቀሚሴን ስፌት ስዳስስ ራሴን አገኘሁት።

ያንተን ጥያቄ ይዤለት ሄጄ ነበር።

«ሠላሳ ሦስት ከስንት ነው?» አልኩት።

«ከስልሳ፤ ተጽፏል እኮ።»

«ከተመላሹ አላልኩም፤ እኔ ካየሁት ከስንቱ?»

ትንሽ አሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይቸኩላል እንጂ። «እሱን ማን ቆጥሮት?» አለኝ። «እኔ ያለኝ ይህ ነው። አንቺ ሌላ ቁጥር ካለሽ አምጪ፤ በቁጥር ከመጣሽ እሰማሻለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛዋ፣ «መነጽር» የምንላት፣ ከመስከረም ጀምሮ ግማሽ ቀን ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ትተይባለች። ሦስተኛዋ ልጅ ናት፤ ገና መግባቷ ነበር፣ ቀስ ትላለች፣ ቀስ በይ ያልኳትም እኔ ነኝ። የተረፈው ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይቆለላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማወቅ ቁጥር አይደለም።

ካርዶቹን ሁሉ ባገኝ ቆጥሬ አሳየው ነበር። ከሸሚዙ ጋር የሄደው ግማሽ የለም። በሚስማሩ ላይ የነበረው ግማሽ ደግሞ የት እንደገባ አንተም ታውቃለህ፤ ስትሰድበው ከርመህ የለም እንዴ? መልስ የጻፍኩባቸው እነዚያ ግራጫ ወረቀቶች እነሱ ናቸው። የጽዳቷ እትዬ ካርቶን ሞልቶባት ነበር፣ ጀርባው ባዶ ስለሆነ በከረጢት ወሰድኩ። የቀረውን ወረቀት ሰብሳቢው ጭኖት ሄደ። ከረጢቱም አልቋል። ወደ አንተ የላክሁትንም አብዛኛውን ጥለኸዋል። እጅህ ላይ በቀረው ቁራጭ ምን ይደረጋል? ሙሉው ከሌለ የለም ነው።

ደግሞም ዘጠና ስህተት ያለባት ሴት ስለ ቁጥር ከሥራ አስኪያጅ ጋር ብትከራከር ያምርባታል? መልመጃውን ትቻለሁ። አትቀየመኝ።

ታናሽህ


መጋቢት 3

እህቴ፣

ለማንም ምንም አትናገሪ። ማሸጊያ ክፍልም አትውረጂ።

ሣጥኑን ከፍቼ ወረቀቶቹን ገለበጥኳቸው። ከሁለት ወር በላይ ፊታቸው ጀርባ፣ ጀርባቸው ፊት መስሎኝ ኖሬአለሁ። እያንዳንዱ ላይ የተቆጣጣሪ ቁጥርና ቀን አለ።

አሁን የምጠይቅሽን በጥንቃቄ መልሺልኝ፤ «ገደማ»፣ «መሰለኝ»፣ «ብዙውን ጊዜ» የሚሉ ቃላት ደብዳቤሽ ውስጥ እንዳላይ። ካርዶቹን ከካርቶኑ ወደ ከረጢት ስትከቺ መርጠሻል? ንጹሑን፣ የራስሽን፣ ከላይ ያለውን? መልስ ልትጽፊ አንዱን ስታወጪስ የተጻፈበትን ጎን ታዪ ነበር? የሦስታችሁ ሚስማር የሚራገፈው ወደ አንድ ካርቶን ነው ወይስ ወደ ሦስት? በእያንዳንዱ እስር ያለው ሸሚዝ ሁልጊዜ ሃያ ነው? በሦስቱ ወራት ስንት ሸሚዝ ወጣ? የመጨረሻውን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው መዝገብ ላይ ገልብጪ እንጂ ከአፉ አትቀበዪ።

«ሙሉው ከሌለ የለም» ያልሽው ምዕራፍ ሰባትን ስላላነበብሽ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አልቆጣም።

ወንድምሽ


መጋቢት 10

ጋሼ፣

ስትጨነቅ ደብዳቤህ እንዴት ያጥራል! «እንዴት ነሽ» እንኳ አላልከኝም።

በጥንቃቄ ልመልስ። ካርቶኑ አንድ ነው። እትዬ ሦስቱንም ሚስማር እዚያው ታራግፋለች፣ ሲሞላ በእግሯ ትረግጠዋለች። እኔ ከረጢት የሞላሁ ዕለት የጆሮ ጌጤ ካርቶኑ ውስጥ ወድቆብኝ ነበር። ካርዱን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘርግፈን፣ ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን፣ እህል እንደሚያበራይ ሰው ስናገላብጠው ቆየን። ጌጡ ጫማዬ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በመጥረጊያ ግማሹን ወደ ከረጢቴ፣ ግማሹን ወደ ካርቶኑ ጠረግነው። ማን ይመርጣል? ወገባችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

እስሩ ሁልጊዜ ሃያ ነው፤ ሃያ ካልሞላ አይታሰርም። ከግምጃ ቤቱ መዝገብ በእጄ የገለበጥኩት ደግሞ 18,040 ሸሚዝ ነው። እሱ በአፉ «ሃያ ሺህ» ነበር ያለኝ፤ ልክ ነበርክ።

ከከረጢቱ ሳወጣ አይ ነበር ወይ ላልከው፣ አላይም። አውቶቡስ ላይ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጥያቄህ ላይ ተክዬ፣ እጄን ሰድጄ አንዱን...

ጋሼ፣ እየሳቅክብኝ ነው?

እሺ። ሳያይ የሚያወጣው ሰው እኔ ነኝ። ብዩም ተገኘ፣ ከረጢቱም ተገኘ።

ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር አለ። እኔ ከዝርዝሩ አናት ስወርድ አናት ላይ የሚወጣ ሰው ይኖራል። ልጅቷ ናት ብለህ እንዳትነግረኝ እፈራለሁ። ሰሞኑን አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ሳታይ ማህተሟን አትመታም።

ታናሽህ


መጋቢት 17

እህቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? መሬት ላይ ተንበርክከሻልና።

ዘጠናውን ካርድ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሦስት ጊዜም አንድ ዓይነት መጣ። አሥራ አምስት የመነጽር፣ ስልሳ ሦስት ያንቺ፣ አሥራ ሁለት የልጅቷ። የሦስቱም ወር ቀን አለበት። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነበር፤ እነዚህ የተሳሳትሽባቸው ብቻ ናቸውና ሌላ ዓይነት ካርድ እንዳይሆኑ። ነገር ግን ጀርባውን ሳታዪ ነው የጻፍሽው፤ መነጽር ቁጥሯን የጻፈችበት ካርድ አንቺን አያሳስትም። ስለዚህ ስህተትሽ ጥሩ ናሙና ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከመቶ ሰባው እስር በእጅሽ ያለፈ ነው። ከተመላሹ ግን ያንቺ ከመቶ ሃምሳ አምስት ነው። በሸሚዝ ሲሆን፣ አንቺ ካየሽው ከሺህ የተመለሰው ሦስት አይሞላም፤ ሁለቱ ካዩት ከሺህ አምስት ነው። ሥራ አስኪያጅሽ «ዘጠና ካርድ ትንሽ ነው» ካለሽ፣ ሰባው ቢዛነፍ ወደ ስልሳ ሊወርድ፣ ወደ ሰማንያ ሊወጣ ይችላል በዪው። ስልሳ ቢሆን እንኳ ከሃምሳ አምስት ይበልጣል። ሥሌቱን በነጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ከካርዶቹ ጋር ልኬልሻለሁ። ካርዶቹን አሳዪው እንጂ አትስጪው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። «ከሁሉ የተሻልኩ ነኝ» እንዳትዪ። ቁጥሩ ይህን አይልም፤ የሚለው «እኔን የምታወርዱበት ምክንያት የላችሁም» ብቻ ነው። ስለ ልጅቷም ያው ነው። አሥራ ሁለት ተመላሽ እንኳን በሰው ላይ ሊያስፈርድ ሳንቲም አያስወቅስም። ስሟን ወደ ላይ ለማውጣት የሚሞክር ካለ፣ አንቺን ያዳነው ጥያቄ እሷንም ያድናት። ለራስሽ ተጠቅመሽበት ለሌላ የምትነፍጊው ከሆነ አትጠቀሚበት።

የመጨረሻው ነገር ለመጻፍ ከብዶኛል፤ ሁለት ቀን አቆይቶኛል።

ካርዶቹን ቆጥሬ ስጨርስ ገልብጬ የመልስሽን ተራ ቁጥር አየሁ። ቁጥር ስጪ ያልኩሽ እኔ ነበርኩ። የመጨረሻው 412 ነው። ሦስት መቶ ሃያ ሁለቱን ትክክል መልስ የጣልኳቸው እኔ ነኝ፤ «ዘጠና!» ብዬ የጻፍኩልሽም እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጅሽ ከሰዓት ሥር የለጠፈውን እኔ በፖስታ ላክሁት። እሱ እንኳ ሲጠየቅ ትንሽ አስቧል፤ እኔ አላሰብኩም። ከአራት መልስ ከሦስት በላይ በትክክል የሚመልስ ተማሪ፣ ለብቻው፣ አውቶቡስ ላይ፣ በመዳፍ በማያክል ወረቀት እየሠራ፣ እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት እንዳየሁ አላውቅም። አልቆጠርኩማ። የቆጠርኩት ሌላውን ነው። ክፍሌን ለምን እንደወሰዱብኝም አሁን ትንሽ ገብቶኛል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ ሣጥን ገዝቻለሁ። ላዩ ላይ «ትክክል» ተብሎ ተጽፏል፤ ባዶ ነው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 2

ጋሼ ከስንት፣

እንኳን ደህና ሰነበትክ። የዘገየሁት ልነግርህ የምችለው ነገር እስኪኖረኝ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የተባለውን ሁሉ አልጽፍልህም፤ ግማሹን ራሴም አልሰማሁትም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለባበጣቸው። አንዱ ጀርባ ላይ «ሁለቱም ዘውድ = 1» የሚለውን አንብቦ «ይሄ እንኳ ስህተት ነው» አለኝ። «አዎ፣ ለዚህ ነው የተረፈው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የሥሌቱን ወረቀት ለራሱ ጠየቀኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ወደ ማሸጊያ ሊያወርዳት ነው ተባለ። ተመልሼ ገባሁ። ያልከኝን አልኩት። እሱም አንተን የሚመጥን ጭቅጭቅ አነሳ፤ እኔም አልተበገርኩለትም። አሁን እሷም አለች። ጠረጴዛዋን ከመስኮቱ ሥር ከእኔ ጎን አስጠግተንላታል፤ አንድ እስር እሷ ካየች በኋላ እኔ ሳላይ አምስቱን አወጣና ደግሜ እፈትሻለሁ። «ለምን ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?» ትለኛለች። ምዕራፍ ሰባት ነው እላታለሁ።

ከሰዓቱ ሥር አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል። ስም አለ፣ ተመላሽ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ አዲስ ዓምድ አለ። ከላዩ በትልቁ «ከስንት» ተብሎ ተጽፏል። የፋብሪካው ልጆች ምን ማለት ነው ሲሉኝ የወንድሜ ስም ነው አልኳቸው።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። እማዬ ብርጭቆውን ይቅር ሳትልህ ሄደች፤ እኔ ግን ደግሜ ሳስበው፣ ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ የቤቱን ዕቃ በየቀኑ ታጥብ የነበርክ አንተ ነህ። ሦስት ብቻ መስበርህ ነው የሚገርመው።

ከዚህ ጋር ቁጥር 413ን ልኬአለሁ። ነጭ ወረቀት ላይ ነው፤ ጀርባው ባዶ ነው፣ ቢሆንም ገልብጠህ ማየትህ አይቀርም። ሦስት ጊዜ አረጋግጬዋለሁ፤ ልክ ነው። አዲሱ ሣጥንህ ባዶውን እንዳያድር።

ታናሽህ